የአባትን ዘር አስቀድሞ ያየው ጨርቅ ነጋዴ

በአዲስ አበባ ከተማ በስተ ደቡብ የሚገኘው የነፋስ ስልክ ሰፈር ይህን ስም ያገኘው ያለ ሽቦ መልእክት ከሚያስተላልፈው የራዲዮ ጣቢያ ነው። የቀድሞ ሰዎች እንጨት ሳይተከል፣ ሽቦም ሳይዘረጋ ቃል ከአገር ወደ አገር ሲሻገር ባዩ ጊዜ ነገሩን ነፋስ የተሸከመው ስልክ ነው ብለው ሰየሙት። ዛሬ ሰፈሩ በፋብሪካ፣ በትምህርት ቤትና በመሥሪያ ቤት ተሞልቷል፤ ስሙ ግን አንድ ቁም ነገር እንደ ያዘ ቀርቷል። ይኸውም መልእክት የሚጓዘው ዓይን በሚያየው ገመድ ብቻ አለመሆኑ ነው።

በሰው ልጅ ተፈጥሮ ውስጥም እንዲህ ያለ መልእክት አለ። አባት ለሚወለድለት ልጅ፣ ልጁ ገና ሳይፀነስ የሚልከው ነው። መልእክተኛው ከአሸዋ ቅንጣት እጅግ ያነሰ ስለሆነ በዓይን አይታይም። ታዲያ ይህ መልእክተኛ ምን ይዞ ይሄዳል? የአባቱን መልክና ቁመት ብቻ ነውን? ወይስ አባቱ ምን ይበላ እንደ ነበር፣ ሰውነቱም ከልክ በላይ ወፍሮ እንደ ነበር ጭምር ያወራል? የዘመናችን ሊቃውንት በዚህ ጥያቄ ላይ እየደከሙ ይገኛሉ። ጥያቄው ሊነሣ የቻለው ግን ከ300 ዓመት በፊት መልእክተኛውን በዓይኑ አይቶ ለዓለም የነገረ አንድ ሰው ስለ ነበረ ነው። ያ ሰው ሐኪም አልነበረም፤ ከዩኒቨርሲቲ ደጅም አልደረሰም፤ ከእናቱ ቋንቋ በቀር ሌላ አያውቅም ነበር። ኑሮው በጨርቅ ንግድና በከተማ አስተዳደር አነስተኛ ሹመት የተመሠረተ ነበር። ስሙ አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ ይባላል። በዚህ ታሪክ ውስጥ የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ሌቨንሁክ በሆላንድ አገር ዴልፍት በምትባለው ከተማ ኦክቶበር 24 ቀን 1632 ተወለደ። አባቱ ቅርጫት ሠሪ ነበር፤ እናቱም ከቢራ ጠማቂዎች ወገን ነበረች። ልጁ ገና ስድስት ዓመት ሳይሞላው አባቱ ሞተ። እናቱ ሌላ ባል ካገባች በኋላ ትንሹ አንቶኒ በሌላ ቀበሌ ወዳለ ትምህርት ቤት ተላከ፤ ከዚያም ከዘመድ ቤት ተቀምጦ ጥቂት ተማረ። የዚያን ዘመን ሊቃውንት የሚጽፉበትን የላቲን ቋንቋ ለመማር ግን ዕድል አላገኘም። ይህ ጉድለት እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አብሮት ኖረ፤ ነገር ግን ከሥራው አላገደውም።

ዕድሜው 16 ዓመት ሲሆን በ1648 ወደ አምስተርዳም ሄዶ ከአንድ የጨርቅ ነጋዴ ዘንድ ሥራ ገባ። በዚያ ዘመን ጨርቅ ነጋዴዎች የሸማውን ጥራት ለማወቅ በትንሽ አጉሊ መስተዋት ክሩን ይቆጥሩ ነበር። አንድ ነገር ከመስተዋት በታች ሲታይ ዓይን ከለመደው ሌላ ሆኖ እንደሚገለጥ ወጣቱ በየቀኑ እያየ አደገ። በ1654 ወደ ትውልድ ከተማው ተመልሶ ባርባራ የምትባለውን ልጃገረድ አገባና የራሱን ሱቅ ከፈተ። አምስት ልጆች ወለዱ፤ ከአምስቱ ግን በሕይወት የቀረችው ማሪያ ብቻ ነበረች። ባርባራም በ1666 ሞተች። ሌቨንሁክ በ1671 ሁለተኛ ሚስት አገባ። ስለ ልጅ መወለድ ያን ያህል ዘመን የተመራመረው ሰው ራሱ አራት ልጆች የቀበረ አባት መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ነገር በተለይ ቢያስተውሉት ደስ ይለናል። በ1660 የዴልፍት ከተማ ሌቨንሁክን የሸንጎ አዳራሽ ጠባቂ አድርጋ ሾመችው። ሥራው አዳራሹን መክፈትና መዝጋት፣ ማስጠረግ፣ በብርድም ወራት እሳት ማስነደድ ነበር። በ1669 የመሬት ቀያሽነት ፈተና አለፈ። በ1679 ደግሞ ወደ ከተማው የሚገባውን የወይን ጠጅ በርሜል የሚለካ ሹም ሆነ። ከእርሱ ጋር በአንድ ዓመት በዚያችው ከተማ የተወለደው ታዋቂው ሠዓሊ ቬርሜር ዕዳ ጥሎ ሲሞት፣ በ1676 የንብረቱ ጠባቂ ሆኖ የተመረጠውም እርሱ ነው። እንግዲህ ቢሮውን አክብሮ የሚሠራ፣ የሚታመንና መለካትን የለመደ ሰው ነበር ማለት ነው። ይህ የመለካት ልማድ በኋላ በሳይንስ ሥራው ላይ ትልቅ ዋጋ አስገኝቶለታል።

ከሥራ ሰዓት በኋላ ግን ሌላ ሰው ይሆን ነበር። ቤቱ ገብቶ መስተዋት እያቀለጠና እየሞረደ፣ ከጥራጥሬ ፍሬ የማይበልጡ ትንንሽ የመስተዋት ሌንሶችን ይሠራ ነበር። እያንዳንዱን ሌንስ በሁለት የብረት ዝርግ መካከል ያጣብቀዋል፤ የሚታየውን ነገር በመርፌ ጫፍ ላይ ያስቀምጣል፤ በጥቃቅን ብሎኖችም ወደ ላይና ወደ ታች እያለ ያስተካክላል። መሣሪያው ሁሉ በመዳፍ ውስጥ የሚያዝ ነበር። ከሁሉ የተሻለው ግን አንድን ነገር እስከ 270 እጥፍ ያጎላ ነበር። በዚያን ዘመን ሌሎች ሊቃውንት የነበሯቸው ትልልቅ ማይክሮስኮፖች ይህን ያህል አጥርተው አያሳዩም ነበር። ሌቨንሁክ በሕይወቱ ከ500 በላይ ሌንሶች እንደ ሠራ ይነገራል፤ ዛሬ ግን የቀሩት መሣሪያዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

በ1673 ሬይኒየር ደ ግራፍ የሚባል የዴልፍት ሐኪም ስለዚህ ጨርቅ ነጋዴ ለሎንዶን ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር ደብዳቤ ጻፈ። ደ ግራፍ ማለት አንድ ዓመት አስቀድሞ የሴትን የእንቁላል ቤት መርምሮ ትልቅ መጽሐፍ ያወጣ፣ ልጅ ከእናት እንቁላል ይገኛል ብሎ ያስተማረ ሐኪም ነው። እርሱ ራሱ በዚያው ዓመት ገና በጎልማሳነቱ ሞተ። ለዓለም ያስተዋወቀው ሌቨንሁክ በኋላ የእርሱን ትምህርት አጥብቆ የሚቃወም ሰው እንደሚሆን አላወቀም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሌቨንሁክ ለማኅበሩ 50 ዓመት ያህል ጻፈ። ደብዳቤዎቹ ወደ 190 ይጠጋሉ፤ ሁሉም በሆላንድ ቋንቋ የተጻፉ ናቸው። ስለ ሻጋታ፣ ስለ ንብ መንደፊያ፣ ስለ ቅማል ጀመረ። በ1674 ከሐይቅ በተቀዳ ውሃ ውስጥ የሚዋኙ ረቂቅ ሕያዋንን አየ። በ1676 ቁንዶ በርበሬ ከተዘፈዘፈበት ውሃ ውስጥ ከእነዚያም እጅግ ያነሱትን፣ ዛሬ ባክቴሪያ የምንላቸውን አገኘ። የሎንዶን ሊቃውንት ይህን ሲሰሙ ማመን አቃታቸው። ሌቨንሁክም አልተቆጣም። የዴልፍትን የታወቁ ሰዎች ጠርቶ በመሣሪያው አሳያቸውና ያዩትን በጽሑፍ እንዲመሰክሩ አደረገ። በ1677 መጨረሻ የማኅበሩ ሊቅ ሮበርት ሁክ ራሱ ሙከራውን ደግሞ አየና ነገሩ እውነት መሆኑ ተረጋገጠ።

የአባት መልእክተኛ የታየው በዚሁ በ1677 ነው። ዮሐን ሃም የሚባል የሌይደን ተማሪ ጨብጥ ከያዘው ሰው የተገኘ የዘር ፈሳሽ በብልቃጥ ይዞ ወደ ሌቨንሁክ መጣ። በፈሳሹ ውስጥ ጭራ ያላቸው የሚንቀሳቀሱ ነገሮች አይቶ ነበርና፣ ከበሽታው የተነሣ የተፈጠሩ ናቸው ብሎ አሰበ። ሌቨንሁክ ግን በዚህ ሐሳብ አልረካም። የጤነኛ ሰው ዘርስ እንዴት ነው ብሎ ጠየቀ። ይህን ለማወቅም ሌላ ሰው ፍለጋ አልሄደም፤ ከሕጋዊ ሚስቱ ጋር ካደረገው ግንኙነት በኋላ የራሱን ዘር ወዲያው ከመስተዋቱ በታች አደረገ። በጤነኛውም ውስጥ እነዚያው ሕያዋን እጅግ በዝተው ሲርመሰመሱ አገኛቸው። ራሳቸው ክብ ነው፤ ጭራቸው ከአካላቸው አምስት ስድስት እጥፍ የሚረዝምና ስስ ነው፤ በውሃ ውስጥ እንደሚሄድ ረጅም ዓሣ እየተጥመለመሉ ይዋኛሉ። ሚሊዮኑ ቢሰበሰብ አንዲት ትልቅ የአሸዋ ቅንጣት እንደማያህል ገመተ።

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለውን ነገር ማውራት ትልቅ ነውር ነበር። ስለዚህ ሌቨንሁክ በ1677 ኅዳር ወር ገደማ ለማኅበሩ ፕሬዚዳንት በጻፈው ደብዳቤ፣ ነገሩ ሊቃውንቱን የሚያስጸይፍ ከመሰላቸው እንዲተውት ትሕትና በተሞላበት ቃል ለመነ። ሊቃውንቱ ግን አልጣሉትም፤ ደብዳቤው በላቲን ተተርጉሞ ታተመ። ከዚያ በኋላ ሌቨንሁክ የውሻን፣ የጥንቸልን፣ የአውራ ዶሮን፣ የእንቁራሪትንና የዓሣን ዘር እየመረመረ በሁሉም ውስጥ ተመሳሳይ መልእክተኛ አገኘ። ወይን ጠጅ ለኪው ሹም መቁጠርም አልተወም። በ1679 በአንድ ኮድ በሚባል ዓሣ ዘር ውስጥ 150 ቢሊዮን የሚሆኑ እንዳሉ አሰላ። ይህን ከሰው ቁጥር ጋር ለማወዳደርም የሆላንድን ሕዝብ ብዛት መነሻ አድርጎ፣ ምድር ሁሉ እንደ ሆላንድ ብትሞላ ልትይዘው የምትችለው ሰው ከ13 ቢሊዮን ተኩል እንደማይበልጥ ገመተ። ምድር ስንት ሰው ልትሸከም ትችላለች የሚለውን ጥያቄ በቁጥር ለመመለስ ከተደረጉት ሙከራዎች የመጀመሪያው ይኸው እንደ ሆነ ይነገራል።

ይሁን እንጂ ታላቅ ሰው ሁሉ ታላቅ ስሕተት አያጣም። ሌቨንሁክ ያየውን በትክክል አየ፤ የተረጎመው ግን ከልክ አልፎ ነበር። ልጅ የሚገኘው ከአባት ዘር ብቻ ነው፤ የእናት ማኅፀን ዘሩን ተቀብሎ የሚመግብ እርሻ ነው እንጂ ከራሱ የሚጨምረው የለም ብሎ ደመደመ። ለማስረጃም የጥንቸልን ምሳሌ አመጣ። ግራጫ የዱር ወንድ ጥንቸል ከነጭ የቤት ሴት ጥንቸል ጋር ሲገናኝ የሚወለዱት ሁሉ ግራጫ ይሆናሉና፣ እነሆ ሁሉ ነገር ከአባት ነው አለ። ግራጫው ቀለም ከአባትም ሆነ ከእናት ቢመጣ ነጩን እንደሚሸፍነው በዚያን ጊዜ ማንም አያውቅም ነበር። የውርስ ሕግ የተገለጠው ሜንዴል የአተር ጥናቱን በ1866 ካሳተመ በኋላ ነው።

በሌላው ወገን የደ ግራፍ ተከታዮች ሁሉ ነገር ከእናት እንቁላል ነው ይሉ ነበር። ሁለቱ ወገኖች ከመቶ ዓመት በላይ ተከራከሩ። በ1827 ካርል ኤርንስት ፎን ቤር የአጥቢ እንስሳን እንቁላል በዓይኑ አየ። በ1876 ደግሞ ኦስካር ሄርትቪግ በባሕር እንስሳ ላይ ባደረገው ምርመራ የአባት ዘርና የእናት እንቁላል አስኳሎች ሲዋሐዱ ተመለከተ። ክርክሩም በዚህ አበቃ፤ ልጅ የሁለቱም ነው።

ሌቨንሁክ ይህን ሳያይ ሞተ። በ1680 የሎንዶኑ ማኅበር አባል አድርጎ መረጠው። በ1698 የሩሲያው ንጉሥ ታላቁ ጴጥሮስ በዴልፍት ሲያልፍ ጠርቶት፣ ደም በቀጭን ሥሮች ውስጥ ሲሮጥ በዓሣ ጭራ ላይ አሳየው። ብዙ መሳፍንትና ሊቃውንት ሊያዩት ይመጡ ነበር፤ የሌንስ አሠራሩን ምስጢር ግን ለማንም አልገለጠም። በዚህ ከሚወቀስበት በቀር በሌላው ነገር ያየውን ሁሉ ሳይሰስት ለዓለም የሰጠ ሰው ነው። በመጨረሻ ሕመሙ ጊዜ እንኳ የገዛ አካሉን መንቀጥቀጥ እየተከታተለ ለሎንዶን ይጽፍ ነበር። ኦገስት 26 ቀን 1723 በ90 ዓመቱ አረፈ፤ በዴልፍት አሮጌ ቤተ ክርስቲያንም ተቀበረ። ልጁ ማሪያ እስከ መጨረሻው ሳትለየው ኖራ፣ አባቷ የተናዘዘውን 26 የብር ማይክሮስኮፕ ለማኅበሩ ላከች።

ሌቨንሁክ መልእክተኛውን አየ፤ የያዘውን መልእክት ግን ሊያነብ አልቻለም። ለዚህ ብዙ ዘመን ተጠበቀ። በ1953 ዲ ኤን ኤ የሚባለው የዘር መልእክት ጽሑፍ ቅርጹ ታወቀ። በአንድ የወንድ ዘር ውስጥ ሦስት ቢሊዮን የሚያህሉ የዚህ ጽሑፍ ፊደላት ተጠቅልለው ይገኛሉ። ታሪኩ በዚህ ያለቀ መስሎ ነበር፤ አላለቀም። እንግሊዛዊው ኮንራድ ዋዲንግተን በ1942 ኤፒጄኔቲክስ የሚል ስም ያወጣለት ሌላ ጥናት እያደር ሰፋ። የዚህን ቃል ፍቺ ለመረዳት ወደ ባዕድ አገር መሄድ አያስፈልገንም። በቤተ ክርስቲያናችን የዜማ መጻሕፍት ከፊደሉ በላይ ደቃቅ ምልክቶች ተጽፈው ይገኛሉ። ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት የሚባሉት ናቸው። ፊደሉ ሳይለወጥ፣ ምልክቱ ዜማው የት እንደሚነሣና የት እንደሚወድቅ ለመሪጌታው ያስታውቃል። በዲ ኤን ኤ ላይም እንዲሁ ፊደሉን ሳይለውጡ የትኛው ክፍል እንዲነበብ፣ የትኛው ዝም እንዲል የሚያመለክቱ ምልክቶች አሉ። ኤፒጄኔቲክስ የእነዚህ ምልክቶች ጥናት ነው።

በወንድ ዘር ውስጥ ምልክቶቹ በሦስት ዓይነት ይገኛሉ። አንደኛው በዲ ኤን ኤ ላይ የሚጣበቅ ሜቲል የሚባል ቅንጣት ነው፤ በአመዛኙ የተጣበቀበትን ክፍል ዝም ያሰኛል። ሁለተኛው የአጠቃለል ዘዴ ነው፤ ዘሩ ሲበስል ዲ ኤን ኤው ተጠቅልሎበት የነበረው ፕሮቲን በአብዛኛው ወጥቶ፣ ይበልጥ አጥብቆ የሚያሽግ ሌላ ፕሮቲን ይተካል። ጥቂቱ ግን በቦታው ይቀራል፤ የሚቀረውም በተለይ ለፅንስ እድገት በሚያስፈልጉ ክፍሎች ላይ ነው። ሦስተኛው ትንንሽ አር ኤን ኤ የሚባሉ አጫጭር ቁራጮች ናቸው፤ ዘሩ ከቆለጥ ወጥቶ በሚጠራቀምበት ቧንቧ ሲያልፍ ሳይቀር ይቀበላቸዋል። የአባት አኗኗር መልእክቱን የሚነካው በእነዚህ በር ነው ተብሎ ይታሰባል።

ከልክ ያለፈ ውፍረት ዘርን እንዴት እንደሚነካ አሁን ብዙ ነገር ታውቋል። ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ጭነት አይደለም። በውስጡ ያለ አንድ ንጥረ ነገር የወንድነትን ሆርሞን ወደ ሴትነት ሆርሞን ይለውጣል፤ ስለዚህ በጣም በወፈረ ወንድ ደም ውስጥ የወንድነት ሆርሞን ይቀንሳል። ቆለጥ ሥራውን በደንብ የሚሠራው ከቀረው አካል በጥቂት ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ነው፤ በጭን መካከል የተከማቸ ስብና ለረጅም ሰዓት መቀመጥ ግን ሙቀቱን ይጨምራሉ። ከዚህም በላይ በሰውነት ውስጥ የሚበዛው ጎጂ የኦክስጅን ዝርያ የዘሩን ዲ ኤን ኤ ይሰባብራል።

ስለ ምልክቶቹ ደግሞ ሙከራዎች ይመሰክራሉ። በ2010 በአውስትራሊያ የተደረገ ጥናት፣ ስብ የበዛበት ምግብ የበሉ ወንድ አይጦች የወለዷቸው ሴት ልጆች ኢንሱሊን በሚያወጡት ሕዋሳት ላይ ጉድለት እንደ ታየባቸው አስታወቀ። እናቶቹ ጤነኛ ምግብ የበሉ ነበሩ። በ2016 የቻይና ሊቃውንት ስብ ከበሉ አይጦች ዘር ትንንሽ አር ኤን ኤ ቁራጮችን አውጥተው በሌላ ፅንስ መጀመሪያ ውስጥ ቢጨምሩ፣ የተወለዱት ልጆች ስኳርን በአግባቡ መጠቀም ተሳናቸው። በዚያው ዓመት በኮፐንሃገን ከተማ 13 ቀጫጭንና 10 ወፋፍራም ወንዶች ዘራቸው ተመርምሮ፣ በሁለቱ ወገን መካከል የምልክት ልዩነት ተገኘ። ልዩነቱ ከተገኘባቸው ክፍሎች መካከል አንጎል ረኃብንና ጥጋብን የሚቆጣጠርባቸው ይገኙባቸዋል። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ሌላ ነው። ክብደት ለመቀነስ የሆድ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው 6 ሰዎች ዘር ከሕክምናው በፊት፣ ከሳምንት በኋላና ከዓመት በኋላ ሲታይ ምልክቶቹ እየተለወጡ ሄደው ተገኙ።

እዚህ ላይ ልጓም መያዝ ያስፈልጋል፤ ያየነውን ከመጠን አልፈን ብንተረጉም የሌቨንሁክን ስሕተት መድገማችን ነውና። አይጥ ሰው አይደለም። በኮፐንሃገን የተመረመሩት ሰዎችም ጥቂቶች ነበሩ። የአባት ዘር ከእናት እንቁላል ጋር ከተዋሐደ በኋላ አብዛኛው ምልክት ይጠረጋል፤ ከጥርጊያው አምልጦ ወደ ልጁ የሚደርሰው ስንቱ እንደ ሆነ ገና በጥናት ላይ ነው። የወፈረ አባት ልጁ በሽተኛ ይሆናል ብሎ መፍረድ፣ ወይም ወፍራሙን ሰው ማሸማቀቅ ከሳይንስ የራቀ ነው። አባት ለልጁ ከሚሰጠው ውስጥ የአኗኗሩ አሻራ ሊገኝበት እንደሚችል ማወቅ ግን ተገቢ ነው።

ይህ ነገር ለእኛ ምን ይጠቅመናል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። አገራችን ብዙ ዘመን የምትታወቀው በውፍረት ሳይሆን በረኃብ ነው። በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ክብደታቸው ከልክ ያለፈ ወንዶች ከመቶ 3፣ ሴቶች ከመቶ 8 ያህል ብቻ ነበሩ። ከተማ ግን ከገጠር ይለያል። ከጠዋት እስከ ማታ በወንበር ተቀምጦ የሚሠራ፣ በመኪና ሄዶ በመኪና የሚመለስ፣ ማታም ቁርጥና ቢራ የሚያዘወትር ወጣት ሹም በነፋስ ስልክም ሆነ በሌላው የከተማ ክፍል እየበዛ ነው። ቦርጭ ለብዙ ጊዜ የድሎትና የሹመት ምልክት ሆኖ ስለ ኖረ፣ ወፈርክ ማለት እንደ ምርቃት ይቆጠር ነበር። ሐኪም ግን በምርቃት አይታለልም።

ከዚህ የከበደ ሌላ ጉዳይም አለ። ዘር ከልጓም ይስባል እያልን አባትን የምናከብር ሰዎች፣ ልጅ ሲጠፋ ግን ወደ እናት ብቻ እንጠቁማለን። መካን የሚለው ስም ፈጥኖ የሚወድቀው በሚስት ላይ ነው፤ በዚህም ምክንያት ስንት ትዳር ፈርሷል፤ ስንቷ ሴት ከጠበል ወደ ጠበል፣ ከሐኪም ወደ ሐኪም ስትንከራተት ኖራለች። ባልዬው አንድ ቀን እንኳ ሳይመረመር! የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እንዳስታወቀው በዓለም ላይ ከስድስት ሰዎች አንዱ በዕድሜው አንድ ጊዜ ልጅ የማጣት ችግር ያገኘዋል። የችግሩ ምክንያት ሲመረመር በብዙ ቤት ወንዱ ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር ድርሻ እንዳለው ይገኛል። በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2019 የመካንነት ሕክምና ማዕከል ከፍቷል። የወንድ ዘር ምርመራም ከባድ ነገር አይደለም፤ ሥቃይ የለውም፤ በመጀመሪያ ደረጃ የሚያስፈልገው ማይክሮስኮፕ ነው። ይህም ሌቨንሁክ በ1677 ካደረገው ብዙ አይርቅም።

የምሥራቹ ደግሞ ይህ ነው። ሴት ልጅ እንቁላሎቿን ከተወለደችበት ቀን ጀምሮ ይዛቸው ትኖራለች፤ የወንድ ዘር ግን ዕለት ዕለት እንደ አዲስ ይሠራል። አንዱ ዘር ከመነሻው ተነሥቶ እስኪበስል 74 ቀን ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ ዛሬ በእግሩ መሄድ የጀመረ፣ ቅባቱንና መጠጡን የቀነሰ፣ በሰዓቱ የተኛ ወጣት ከሦስት ወር በኋላ የሚኖረው ዘር በአዲሱ አኗኗሩ ውስጥ የተሠራ ነው። ልጅ የሚያስብ ባልና ሚስት ለፅንሱ ዝግጅት ሲያደርጉ፣ የዝግጅቱ ግማሽ የአባት እንደ ሆነ ሊያውቁ ይገባል። ከሕክምና ባለሙያ ጋር መማከርም ለሁለቱም ነው፤ ለሚስት ብቻ አይደለም።

ሌቨንሁክ እናትን ከልጁ ውርስ በማስወጣቱ ተሳስቷል። እኛ ደግሞ አባትን ከኃላፊነት በማስወጣታችን ተሳስተናል። በአንድ ነገር ግን ያ የዴልፍት ጨርቅ ነጋዴ ከብዙዎቻችን ይበልጣል። የእውነትን ነገር ለማወቅ በፈለገ ጊዜ ሌላውን ለምርመራ አላቀረበም፤ ሐፍረቱን ወደ ጎን አድርጎ የራሱን ዘር ከመስተዋቱ በታች አኖረ። ልጅ የጠፋበት ባልም፣ ልጅ ለመውለድ የሚያስብ ወጣትም እንዲሁ ከራሱ ቢጀምር ከስንት ክስና ከስንት ዕንባ ቤቱን በጠበቀ ነበር።